የመስፍኑ የመጨረሻ ምዕራፍ

ለንደን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ዌምብሊ ውስጥ አንድ ጋዜጣ መሸጫ ሱቅ መስኮት ላይ የተለጠፈች ትንሽ ካርድ አነበብኩ። በተንቀጠቀጠ እጅ የተጻፈባት፣ ታይፒስት እንደሚፈለግ፣ ሥራው በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እንደሆነና አመልካቿ ትዕግሥት ያላት መሆን እንዳለባት ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ስድስት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጣቶቼን ሳላይ እተይባለሁ። ለንደን ከመጣሁ ወዲህ ግን እነዚያ ጣቶች ሌላ ሥራ ነበር የያዙት። ፓርክ ሮያል ካሉት የምግብ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ እንደ ማቀዝቀዣ በሚበርድ አዳራሽ ውስጥ፣ ከፊቴ እየተንሸራተተ በሚያልፍ ዳቦ ላይ ኪያርና እንቁላል እደረድር ነበር። ሥራውን አልጠላሁትም፤ የቤት ኪራይ ከፍሎልኛል። ግን ካርዷን ሳነብ ጣቶቼ ኪሴ ውስጥ ተንቀሳቀሱ።

በሩን የከፈቱልኝ ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ የሹራባቸው ክርን የተቀደደ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም። ቀኝ እጃቸው ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ እንግዳ ሲያዩ በግራ እጃቸው ደርበው ይይዙታል። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የኤሌክትሪክ ታይፕራይተር ተቀምጧል፤ ከጎኑ ያለው ክፍል ደግሞ እስከ ጣሪያው ድረስ ወረቀት በታጨቀባቸው የጫማ ካርቶኖች ተሞልቷል። ሁሉም ስለ አንድ ሰው ነው፤ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ስለተወለደ አንድ የፈረንሳይ መስፍን። ከጡረታ በፊት ጀምሮ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፉ ኖረዋል፤ አሁን እጃቸው ስለከዳቸው እየተናገሩ የሚተይብላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

መስፍን ምን እንደሆነ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም አገራችን ውስጥ መሳፍንት እንደነበሩ፣ ንጉሡን ቤተ መንግሥት አስቀምጠው እርስ በርሳቸው የተፋጁበት ረጅም ዘመን እንዳለ፣ ዘመኑም በእነሱ ስም እንደሚጠራ ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማን ከማን ጋር ተጋባ፣ ማን ማንን ከዳ፣ ገበሬው ምን ይሆን ነበር እያሉ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ጠየቁኝ። የማላውቀውን አላውቅም አልኳቸው። መተየብ መቻሌን ሳይፈትኑኝ፣ ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት እንድመጣ ነግረው አሰናበቱኝ።

ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት መምጣት ግን ቀላል አልነበረም። ፋብሪካው ሁለት ሽፍት ነበረው። የጠዋቱ በስምንት ሰዓት ያልቃል፤ የከሰዓቱ እዚያው ላይ ይጀምራል። እኔ የከሰዓቱ ነበርኩ። ሱፐርቫይዘሩን ማክሰኞና ሐሙስ ወደ ጠዋት እንዲያዞረኝ ብለምነው ቦታ የለም አለኝ። ተስፋ ቆርጬ ለሽማግሌው ልደውል ስል፣ አርብ ዕለት ራሱ ጠርቶኝ ተስተካክሎልሻል አለኝ። አመሰገንኩት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ሥራው እንዲህ ነበር። እኔ ከታይፕራይተሩ ፊት እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ከመስኮቱ እስከ ምድጃው እየተመላለሱ ይናገራሉ። ከላይኛው ፎቅ መስኮት የስታዲየሙ ሁለት ነጭ ማማዎች ይታያሉ፤ አንዳንድ ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ስመጣ የሕዝቡ ጩኸት ግድግዳውን አልፎ ይመጣና እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። በስማቸው እንድጠራቸው ደጋግመው ነገሩኝ፤ አንደበቴ እምቢ አለኝ። ሰር አልኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠሩበት የኖሩበት ስለሆነ በኋላ ተዉት። ስሳሳት አይቆጡም፤ ቃሉን ከነትርጉሙ፣ ከየት እንደመጣ ጭምር ይነግሩኛል። በዚያ ወጥ ቤት የተማርኩትን እንግሊዝኛ የትም ትምህርት ቤት አላገኘሁትም።

መስፍኑንም እንደዚያው በክፍል በክፍል አወቅሁት። አባቱ የፈረንሳይ ንጉሥ ወንድም ነበር። ንጉሡ አእምሮው ይታወክ ስለነበር ዘመዶቹ ሥልጣኑን ይሻሙ ነበር። መስፍኑ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ሳይዘልቅ፣ የአባቱ የአጎት ልጅ የሆነ ሌላ ኃይለኛ መስፍን ሰዎች ልኮ አባቱን ፓሪስ መንገድ ላይ አስገደለበት። ገዳዩ አልሸሸም፤ አስገድያለሁ፣ ያስገደልኩትም ለአገር ብዬ ነው ብሎ በአደባባይ በአንድ ሊቅ አፍ አስከራከረ። እናቱ ጥቁር ለብሳ ፍትሕ ስትለምን ቆይታ በዓመቱ ገደማ ሞተች። ልጁ ትናንሽ ወንድሞቹን ይዞ የቤቱ ጌታ ሆነ፤ የአባቱን ደም ሊመልስም ማለ።

ለአገር ብዬ ነው የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሽማግሌው ቃሉ የጠፋብኝ መስሏቸው ደገሙልኝ። ቃሉ አልጠፋብኝም።

አባቴ ፖስታ ቤት ይሠራ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አስይዞት ስምንት ወር ታሰረ። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ስለነበር፣ ሲፈታ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አይራመድም፤ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቆይ ሞተ። ሊቀ መንበሩ ግን በዚያ ሰፈር ብዙ ዓመት ኖረ። እናቴ ዳቦ ለመግዛት ስትወጣ መንገድ እየቀየረች ነበር የምትሄደው። የሊቀ መንበሩ ልጅ ከእኔ ሁለት ክፍል ዝቅ ብላ እዚያው ትምህርት ቤት ትማር ነበር፤ ቀይ ሪባን ታስር ነበር።

ይህችን ልጅ ነው እንግዲህ ፓርክ ሮያል ፋብሪካ ውስጥ ያገኘኋት። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ፣ ነጩን ቦቲ እየተጫማሁ፣ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ቆማለች። አግብታ፣ ወልዳ፣ ፊቷ ሞልቶ ነበር፤ ግን ወዲያው አወቅኋት። እሷም አወቀችኝ። ጤና ይስጥልኝ ልትል አፏን ስትከፍት ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቃል አልተናገርኳትም። ፋብሪካው ውስጥ አማርኛ የምንናገር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሌሎቹ ሴቶች የአንድ አገር ሰዎች ሆነን ለምን እንደማንነጋገር ይጠይቁኝ ነበር፤ አላውቃትም እላለሁ።

በዚህ መሃል መስፍኑ ጎልማሳ ሆነ። እንግሊዞች ባሕር ተሻግረው ፈረንሳይን ሲወጉ፣ ጭቃ በሞላበት አንድ ሜዳ ላይ የፈረንሳይ መኳንንት አለቁ። መስፍኑን ከሬሳ ክምር ሥር ሕያው ሆኖ አገኙትና ወደ ለንደን አመጡት። ያኔ ዕድሜው ሃያ አንድ ሳይሆን አይቀርም። ሃያ አምስት ዓመት አሠሩት፤ አንዴ ወንዝ ዳር ባለው ትልቅ ግንብ፣ አንዴ በሰሜን፣ አንዴ በገጠር፣ ከቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት እያዘዋወሩ። ያሰረው የእንግሊዝ ንጉሥ ሲሞት እንኳ፣ ልጄ እስኪያድግ እንዳትለቁት ብሎ ተናዘዘ። ሚስቱና አንዲት ሴት ልጁ እሱ እስር ላይ ሳለ ሞቱ። ከተማው በጠላት ተከብቦ ነጻ ሲወጣ ወሬውን በሩቅ ሰማ። እንግሊዝኛ ተማረ፤ በሁለት ቋንቋ ግጥም ጻፈ። ሽማግሌው ይህን ክፍል ሲናገሩ ደስ ይላቸዋል፤ የትኛው ክረምት የትኛው ግንብ እንደነበረ፣ አሳሪው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ያለ ወረቀት ያውቁታል። እስከ መኸር መጨረሻ ድረስ እስረኛውን ስተይብ ከረምኩ።

መስፍኑ የሚፈታበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ግን ሥራው ቆመ። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስቱንም ጊዜ አስቀደዱኝ። ምክንያቱ ይህ ነበር። መስፍኑን ያስፈቱት የገዛ ወገኖቹ አይደሉም፤ የአባቱ ገዳይ ልጅና ሚስቱ ናቸው። ገዳዩ ራሱ ቀደም ብሎ በተራው ተገድሎ ነበር። የልጁ ሚስት ከእንግሊዞች ጋር ተደራድራ፣ የቤዛውን ገንዘብ ሌሎች መኳንንት ጭምር እንዲያዋጡ አድርጋ አስፈታችው፤ ባሕሩን ሲሻገርም ዳር ድረስ ወጥታ ተቀበለችው። እሱም የእነሱን ቤተ ዘመድ ልጅ አገባ፤ ከገዳዩ ልጅ ጋር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ወዳጅ ሆኖ ኖረ።

ሽማግሌው ይህን አላምነውም አሉ። ስሌት ነው፤ እነሱ ወዳጅ ፈለጉ፣ እሱ ነጻነት ፈለገ፣ የአባቱን ደም ሸጠው አሉ። ይህን ያህል ዓመት የደከሙለት ሰው በመጨረሻ ትንሽ ሆኖ ታያቸው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የአገዛዙ ዘመን ደግሞ አሰልቺ ነው አሉ፤ ጦርነት የለበትም፣ የሚነገር የለውም። ለሦስት ሳምንት ያህል እየሄድኩ የዱሮ ገጾችን ብቻ አርሜ ተመለስኩ።

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ለሱፐርቫይዘሩ የምስጋና ካርድ ገዛሁ። ካርዱን ተቀብሎ አነበበና ሳቀ። እኔን አታመስግኚ አለኝ፤ ሽፍቷን የሰጠችሽ ጓደኛሽ ናት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ያንቺን ከሰዓት እሷ ናት የምትሠራልሽ፣ እንዳልነግርሽ ለምናኝ ነበር። ጓደኛሽ ያለው የሊቀ መንበሩን ልጅ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ ቀኖች እኔ ስወጣ እሷ ስትገባ አይቻለሁ። ሽፍቷ እንደተቀየረ ገብቶኛል። ትንሽ ልጅ እንዳላት፣ ጠዋት የምትሠራውም ልጇን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ እንደሆነ ከሌሎቹ ሴቶች ሰምቻለሁ። ታዲያ በሁለቱ ቀኖች ልጇን ማን ይወስድላት እንደነበር አንድ ቀን አላሰብኩም። እንዲያውም ጠዋት አብረን አለመሆናችን ደስ ብሎኝ ነበር።

ያን ዕለት ሽማግሌው ቤት ስደርስ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን፣ አባቴን፣ ቀበሌውን፣ ባለ ቀይ ሪባኗን ልጅ፣ ሽፍቱን፣ ሁሉንም በዚያ ገና በሚንገዳገድ እንግሊዝኛዬ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ያዙ።

«ሴትየዋ ምን የምታገኝ ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ምንም አታገኝም። እንዳላውቅ ለምናለች።»

«ስሌት አይደለም ማለት ነው።»

«እንጃ ሰር። ቢሆንስ? ስሌትም ቢሆን ስድስት ወር ሙሉ ልጇን ለሰው ትታ ቆማልኛለች። ስድስት ወር የሚቆም ነገር መጀመሪያ ስሌት ቢሆን እንኳ ሲቆይ ሌላ ነገር ይሆናል።»

ይህን ስል እኔም ገና እያሰብኩት ነበር። ሽማግሌው ተነስተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ ሴትየዋን አመስግኜያት እንደሆነ ጠየቁኝ። አላመሰገንኳትም አልኳቸው። እንግዲያውስ ዛሬ የምንጽፈው የለም፣ ሐሙስ ነዪ አሉ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ከሽፍት ወጥቼ ፋብሪካው በር ላይ ቆምኩ። እሷ ከአውቶቡስ ወርዳ እየተጣደፈች መጣች። ስታየኝ ቀስ አለች። መንገድ ልትለቅልኝ ወደ ዳር ወጣች።

«ሽፍቱን አንቺ እንደሰጠሽኝ ሰማሁ» አልኳት። ድምፄ እንደ ክስ ነበር የወጣው።

መሬት መሬቱን አየች። «ሱፐርቫይዘሩ አፉ አያርፍም» አለች።

«ለምን አደረግሽው?»

«ስትለምኚው ሰማሁ። ስለ ታይፕ ስትነግሪው። እናትሽ አንቺን ታይፕ ለማስተማር የጆሮ ጉትቻቸውን እንደሸጡ ሰፈር ውስጥ ይወራ ነበር።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ይቅርታ ልገዛበት ብዬ አይደለም። ይህ በሽፍት እንደማይገዛ አውቃለሁ።»

 አንዴ ጀምራለችና ቀጠለች።

«አባቴ ያደረገውን እኔ አላደረግሁም። ግን እዚያ ቤት ነው ያደግሁት። አባትሽ ከተፈቱ በኋላ በበራችን ሲያልፉ፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ እናቴ መስኮቱን ዘግታ ታለቅስ ነበር። እኔ ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም ነበር። ገብቶኝ ካደግሁ በኋላ ደግሞ የምነግረው ሰው አጣሁ።»

የአባቴን እግር ያስታወሰ ሰው ካገኘሁ ስንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሞታለች፤ ወንድም እህት የለኝም። በዚያ ሁሉ ለንደን ውስጥ፣ አባቴ በዚያች መንገድ እንዴት ይራመድ እንደነበር የምታውቅ ይህች ሴት ብቻ ነበረች። አመሰግናለሁ አልኳት።  እሷም እጄን ጨብጣ፣ ሰዓት ደርሶባት ሮጠች። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡ ጃማይካዊት አሮጊት አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ መሐረብ አቀበሉኝ።

ሽማግሌው ጋ ስደርስ ታይፕራይተሩ ላይ ነጭ ወረቀት ገብቶ ጠበቀኝ። በዚያው ከሰዓት መስፍኑን አስፈታነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአገዛዙ ዘመን ነበር፤ እሳቸው አሰልቺ ያሉት። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ማወቅ የምፈልገው እሱን ነበር። እስር ቤት ገብቶ የወጣ ሁሉ፣ መውጣቱ ከተነገረ በኋላ ታሪኩ ይቆማል፤ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሠራ የሚነግረን የለም። ስለዚህ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ካርቶናቸውን ይበረብራሉ።

መስፍኑ ሲመለስ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር። መጀመሪያ ትልልቅ ነገር ሞከረ። ሁለቱን ነገሥታት ሊያስታርቅ ደከመ፤ እሺ አላሉትም። በእናቱ በኩል ይገባኛል ያለውን የጣሊያን ግዛት ሊይዝ ሄደ፤ አንዲት ከተማ ብቻ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ትልቁን ወንዝ ተንተርሶ በተሠራው ቤተ መንግሥቱ ተቀመጠ። አቤቱታ ይሰማል። ድኻ ሲመጣበት ይሰጣል። ገጣሚ ሁሉ፣ ድኻውም ጌታውም፣ ደጁ ይመጣል፤ አንድ መነሻ ስንኝ ይሰጥና ሁሉም በየራሱ እንዲጨርሰው ያደርጋል። ቼዝ ይጫወታል። ሴት ልጅ ስትወለድለት እስረኞች እንዲፈቱ አደረገ ይባላል። ንጉሡ ላይ ያሴረ አንድ መስፍን ተይዞ ሞት ሲጠየቅበት፣ ያረጀው መስፍናችን ተነስቶ አትግደሉት ብሎ ተናገረ። ወደ ሰባ ሲጠጋ ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ያ ልጅ ኋላ የፈረንሳይ ንጉሥ ሆነ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሪህ እጁን ስለያዘው ደብዳቤው ላይ መፈረም እንኳ አቃተው። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ የራሳቸውን እጅ አይተው ፈገግ አሉ፤ እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ።

አንድ ቀን፣ ገበሬው ስለሱ ምን ይል ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ገበሬው ምንም አላለም። ያኔ ስለነበረው አገዛዝ የገበሬ ወሬ የሚገኘው ሲያማርር ብቻ ነው» አሉኝ።

«ገበሬ ስለ ገዢው ምንም ሳይል ሃያ አምስት ዓመት ከኖረማ፣ ገዢው ደህና ነበር ማለት ነው» አልኳቸው። ካደግሁበት ዘመን የተማርኩት ይህን ነበር።

መመላለሳቸውን አቆሙ። «ያልሽውን ተይቢው» አሉኝ። መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ በእሳቸው እንግሊዝኛ ተቃንቶ፣ የምዕራፉ መዝጊያ ገጽ ላይ።

መጽሐፉ ያለቀው በሦስተኛው ዓመት ጸደይ ላይ ነው። ለአሳታሚዎች ላኩት፤ መልካም መልስ እየጻፉ መለሱት። ሽማግሌው ያሰብኩትን ያህል አላዘኑም። ዊልስደን ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥቂት ቅጂ አስጠረዙ፤ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ከሁሉ በላይ የፈለጉት አንድ ሥዕል ዳግመኛ ማየት ነበር። መስፍኑ ከሞተ ከዓመታት በኋላ የተጻፈ የግጥሞቹ መጽሐፍ ለንደን ውስጥ አለ፤ በአንዱ ገጽ ላይ በግንቡ ውስጥ ታስሮ ይታያል። መጽሐፉ ለሕዝብ እንደሚታይ ከጋዜጣ አንብበው እንድወስዳቸው ጠየቁኝ።

ብቻዬን አልቻልኩም፤ ያኔ በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የሚሄዱት። ለሊቀ መንበሩ ልጅ ነገርኳት። ያኔ እሷና እኔ ሽፍት ስንለዋወጥ ቆመን የምንጫወት፣ በእረፍት ቀናችን ምሳ አብረን የምንበላ ሆነናል፤ ስለ አባቶቻችን ግን ከዚያች ቀን ወዲህ አላነሳንም። ቅዳሜ ዕለት ልጇን ለባሏ ትታ መጣች። ሁለታችን ወንበሩን እያነሳን፣ ደረጃ ባለበት ሰው እየለመንን፣ በባቡር ወሰድናቸው።

መጽሐፉ መስታወት ውስጥ ነበር፤ የተከፈተው ግን ሌላ ገጽ ላይ ነው። እኔ ክው አልኩ። ጠባቂውን ብጠይቀው ገጹን የሚለውጡት ከጥቂት ወራት በኋላ እንደሆነ በትሕትና ነገረኝ። ሽማግሌው ግን ሳቁ። ከዚያ መስታወቱ ፊት ሆነው ያልታየውን ሥዕል ነገሩን። መስፍኑ በአንድ ሥዕል ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ነው የሚታየው፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል፣ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ ወንዙን ያያል፣ አንዱ ደጅ ወርዶ ከመልእክተኛ ጋር ይገናኛል። ከኋላ ድልድዩ አለ፣ ጀልባዎች አሉ፣ የለንደን ጣሪያዎች ሰማያዊ ናቸው። እኔ እሷን ለማስረዳት ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሷ ደግሞ የቱ ነው ነጻ የወጣው ብላ ታስጠይቀኛለች። ሽማግሌው ጥያቄዋ ስለማረካቸው ሁለቱ በእኔ አፍ ረጅም ጊዜ ተከራከሩ። ሌሎች ጎብኚዎች አስጎብኚ መስለዋቸው ከበቧቸው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ አረፉ። ከመሞታቸው በፊት ለማታ ኮሌጅ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈውልኝ ነበር፤ ማለትም እሳቸው ተናግረው እኔው ስለ ራሴ የተየብኩት። ሲያሞግሱኝ አፍሬ ቃል ስቀንስ ሰምተው፣ ያልኩትን ሁሉ ተይቢ ብለው ተቆጡኝ። ሲቆጡኝ ያ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነው። በዚያ ደብዳቤ ገባሁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ፋብሪካውን ስሰናበት ሴቶቹ ኬክ ቆረሱልኝ።

ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። የድሮ ተማሪዎቻቸው፣ ጥቂት ጎረቤት፣ እኔና እሷ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ እንዳነብ ጠየቁኝ። ሁሉም ጦርነቱን ወይም እስሩን የማነብ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የአገዛዙን ምዕራፍ አነበብኩ፤ መስፍኑ አርጅቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በምርኩዝ ወደ ወንዙ የሚወርድበትን።  አንዱ የድሮ ተማሪያቸው በኋላ መጥቶ፣ አስተማሪያችን ጦርነት ብቻ የሚወዱ ይመስለኝ ነበር አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት የሊቀ መንበሩ ልጅ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ክርስትና ልትነሳ ሳምንት ሲቀራት እናቷ ቤቴ መጣች፤ ዊልስደን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍሌ። ሻይ ጠጥታ፣ ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ እምቢ ብትዪኝ አልቀየምም ብላ ጀመረች። የልጇ የክርስትና እናት እንድሆንላት ነበር የፈለገችው። አባቷ አዲስ አበባ እስር ቤት ሆነው ፍርድ እየጠበቁ እንደሆነ፣ ስለ እኔ እንደጻፈችላቸው፣ እንዳልመለሱላት ነገረችኝ። ከእሳቸው ምንም እንደማልጠብቅ ነገርኳት። ለሕፃኗ ግን እሺ አልኳት።

እሑድ ጠዋት ሕፃኗን ታቅፌ ቆምኩ። ውኃው ሲነካት አለቀሰች፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ስልክ ትደውልልኛለች። የተጠረዘውን መጽሐፍ ሰጥቻት አንብባዋለች። ከሁሉ የወደደችው የትኛውን እንደሆነ ስጠይቃት፣ መስፍኑ ግጥም መነሻ እየሰጠ ሰው ሁሉ እንዲጨርስ የሚያደርግበትን ነው አለችኝ።